በቁማቸው ፍትሐት የተደረገላቸው አያታችን

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድሜ ለባንተአምላክ፣ አየርላንድ፣ ኮርክ ከተማ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን የሚነሣብህ የጎንህ ውጋት ለቀቀህ ወይስ እንዳንተው ግትር ሆኖ ቀረ? ባለቤትህ ሥርጉት እንደምን ናት? ልጅህ ምስራቅ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? አማርኛዋን እንዳታስረሷት አደራ፤ አያቷ በስልክ ያናገረቻት ዕለት ልጅቷ «እሺ» ብቻ ብትላት፣ ምን አጥፍቼባት ነው ብላ ሳምንት ሙሉ ስትጨነቅ ነበር። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እናታችን ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ ጨርሳለች። ባለቤቴ ያየህ አንድ ጥርሱን አስነቅሎ እንደ አራስ ተኝቶ ሰነበተና አሁን ድኗል። ደህና ልሁን ሕመምተኛ ልሁን ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኞ ዕለት ልደውልልህ ቴሌ ድረስ ሄጄ ነበር። ተራዬ ደርሶ ልገባ ስል፣ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ተመለከትሁና ወጣሁ። ነገሩ ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም። ደግሞም ገና ለራሴ አልገባኝም። እየጻፍሁት ይገባኝ እንደሆነ ብዬ ይኸው ብዕር አነሣሁ፤ ከተዘበራረቀብህ ጥፋቱ የእጅ ጽሕፈቴ ሳይሆን የነገሩ ነው።

ጣጣው የተነሣው በጾሙ መካከል ከላክኸው ደብዳቤ ነው። ስለ ቤት አከራይህ ስለ ወይዘሮ ብሪጂት ቅድመ አያት የጻፍኸውን ለእናታችን ሦስት ጊዜ አነበብሁላት። ሰውየው እንግሊዝ አገራችንን ይልቀቅ ብለው ከጓደኞቻቸው ጋር አመፁ፤ ተያዙ፤ እግራቸው በብረት ታስሮ መርከብ ላይ ተጫኑ፤ ወራት ሙሉ በባሕር ተጉዘው አውስትራሊያ የሚባል የዓለም ጫፍ ተጣሉ። ሚስታቸው ሬሳ ሳታይ መርዶም ሳትሰማ ኖራ ሞተች። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ የልጅ ልጆቻቸው ነፃ መንግሥት ሲያቆሙ ከተማቸው የግዞተኞቹን ስም ድንጋይ ላይ ቀርጾ አቆመላቸው። የታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዱን ያመው የነበረ ልጅ ይህን ሁሉ ከየት አመጣው ብዬ ስቄ ነበር። አሁን ሳቁ የለም።

ያን ቀን ጎረቤታችን አቶ እንዳለው አብረውን ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። እንግሊዝ ሰው በመርከብ አጋዘ የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝና፣ እንግሊዝን እኔ አውቀዋለሁ፣ ቁምጣ ለብሶ በግመል መጥቶ ጣሊያንን ያስወጣልን ሰው ነው፣ በበቅሎዬ ጥይቱን የጫንሁለት እኔ ነኝ፣ ልጁ ጣሊያን ለማለት እንግሊዝ ብሎ ጽፎ ነው አሉ። አይደለም እንግሊዝ ነው ብላቸው ተቆጡ። እናታችን ደግሞ ነገሩ ከነከናትና፣ ለኛ የፈታ እጅ ለነሱ ያስራል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። መምህር አይደለሽ ወይ የሚል ዓይን ነው ያየችኝ። ያስራል አልሁ፤ ግን እኔም ስለው እንግዳ ሆነብኝ። አቶ እንዳለው እስካሁን ሰላምታዬን የሚመልሱት በግማሽ አፍ ነው።

የአባባ ይታገስን ነገር ታውቃለህ፤ ቢሆንም እኔ ራሴ እንዳይጠፋብኝ ከሥሩ ልጀምረው። ጣሊያን በ1930 ዓ.ም. ለአርበኛ ስንቅ ታቀብላለህ ብሎ አያታችንን አባባ ይታገስን ከዚሁ ከቢቸና ወሰዳቸው። እናታችን ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ናት። በካሚዮን ወደ ባሕር አወረዷቸው፣ በመርከብ ጭነው አንድ ደሴት ላይ አሰሯቸው፣ ከዚያ በኋላ የሰማ የለም፤ በቤታችን የሚነገረው ይኸው ነው። አያታችን እማማ አገሬ ቆይተው አባባ ይግዛውን አገቡ፤ እሳቸውም እናታችንን እንደ ልጃቸው አሳደጓት። እማማ አገሬ እስኪሞቱ ድረስ ለልጃቸው የሚነግሯት አንድ ነገር ነበር፦ ሬሳውን ያየ፣ ሲሞት የነበረ ሰው ስለሌለ ለአባትሽ ፍትሐት አልተደረገም። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ አባቴ ሳይፈታ ቀረ እያለች ስታለቅስ የኖረችው በዚህ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤህን በሰማች በሦስተኛው ቀን፣ ባዕድ አገር ያለ ሰው ለመቶ ዓመት ሙት ድንጋይ ሲያቆም የኔ አባት ስሙ እንኳ በቅዳሴ አልተጠራም፣ እኔም ነገ እከተላለሁ፣ ሳልሞት ፍትሐቱንና ተዝካሩን ላውጣ አለች። ደስ አለን። ለግንቦት ሚካኤል ቀን ተቆረጠ። አንተ በስልክ ይጻፍ ያልኸውን ድንጋይ ጠራቢው በፋሲካ ማግስት አደረሰልን፤ «አርበኛው ይታገስ በባሕር ማዶ ተግዘው በዚያው አረፉ» ይላል፤ ፊደሉም ያምራል። ጌሾው ተገዛ፣ እህሉ ተለቀመ። የንስሐ አባታችን ግን አንዲት ነገር ጠየቁ፦ የክርስትና ስማቸው ማን ነው? ማንም አያውቅም። ይታገስ ብለን ብናስጠራ ሰማይ ቤት የሚያውቃቸው የለም።

አቶ እንዳለው ተቆጥተውኝም ቢሆን፣ የይታገስ የእህታቸው ልጅ መነኩሲት ሆነው ሞጣ አጠገብ እንዳሉ ሰምቻለሁ አሉኝ። እኛ ሞጣ ዘመድ እንዳለን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቅዳሜ ሚያዝያ 16 በማለዳ አውቶቡስ ተሳፍሬ በደብረ ወርቅ በግንደ ወይን አድርጌ ሄድሁ። ከሞጣ ወጣ ብሎ ጠበል ያላት ትንሽ ገዳም አለች፤ እዚያ እማሆይ ወለተ ሐናን አገኘኋቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ አንደበታቸው ግን እንደ ምላጭ ነው። የማን ልጅ እንደሆንሁ ነገርኋቸው። የአያታችንን የክርስትና ስም ብጠይቃቸው እጄን ይዘው፣ ወልደ ሰንበት ነው አሉኝ። ተደስቼ ልጽፍ ወረቀት ሳወጣ ለምን እንደፈለግሁት ጠየቁኝ። ለፍትሐት ነው አልኋቸው። ፍትሐትማ ሁለቴ ተደርጎላቸዋል፣ አንዱ በቁማቸው አንዱ በሬሳቸው፣ ሦስተኛውን ለማን ልታደርጉት ነው አሉ።

ወንድሜ፣ አሁን ቀስ ብለህ አንብብ። እኔ እማሆይን አራት ጊዜ አስደግሜያቸዋለሁ።

አባባ ይታገስ ባሕር ማዶ አልሞቱም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ተመልሰዋል። ቢቸና የደረሱት በገበያ ቀን ነው። ወደ ቤታቸው ከመግባታቸው በፊት ከገበያው ዳር የሚያውቃቸው አንድ ሰው አገኙ። ሰውየው ሲያያቸው አማተበ። ከደሴቱ ቀድሞ የተፈታ እስረኛ ይታገስ መርከብ ላይ ሞቷል ብሎ መርዶ አምጥቶ፣ በልብሳቸውና በጠመንጃቸው ተለቅሶ፣ ፍትሐቱ በሙሉ ተደርጎ፣ አገሬ ዓመት ከመንፈቅ ሐዘን ተቀምጠው ይግዛውን ማግባታቸውን፣ ሕፃን ልጅም መውለዳቸውን ነገራቸው። አባባ ይታገስ እዚያው ቆመው አሰቡ። ብገባ ሚስቴን ሁለት ባል ያላት አደርጋታለሁ፣ ያን ሕፃን ዲቃላ አስብለዋለሁ፣ ፍትሐት ያደረሱትን ቄሶች አሳፍራለሁ፤ እኔ አንዱ ሞቼ ብቀር ይሻላል አሉ። ሰውየውን በመስቀል አስምለው፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ሞጣ ሄዱ።

እዚያች ገዳም ገብተው መመንኮስ እንደሚፈልጉ ነገሩ። ታውቃለህ፣ የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞቷልና ፍትሐት ይደገምለታል። አበምኔቱ ሊያስጀምሩ ሲሉ አባባ ይታገስ፣ የኔ ቢቸና ላይ ተደርጎልኛል፣ የቀረኝ ቆቡ ብቻ ነው አሉ። ቆቡን አደረጉላቸው። አባ ወልደ ሰንበት ተብለው ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖረው በ1952 ዓ.ም. አረፉ። ከኛ ቤት በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ።

ስለ ደሴቱ ብዙ አይናገሩም ነበር አሉ እማሆይ። አንድ ልማድ ብቻ ነበራቸው። በየማለዳው ከጎጆአቸው ይወጡና ቆባቸውን አውልቀው ደጃፉ ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እስር ቤቱ ውስጥ በየጠዋቱ ይቆጠሩ ነበርና፣ የሚቆጥራቸው ሰው ሳይመጣ መግባት አይሆንላቸውም። እማሆይ ያኔ ገና ወጣት ናቸው፤ ውሃ ለመቅዳት ሲያልፉ «አንድ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ቆባቸውን አድርገው ይገባሉ። ዐሥራ ስምንት ዓመት እንዲሁ። ከቢቸና መንገደኛ ሲመጣ ደግሞ በመጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥለው ስለ አዝመራው፣ በመጨረሻም እንደ ዘበት አድርገው ስለ አገሬ ትልቋ ልጅ ይጠይቃሉ። ስለ እናታችን ማለት ነው።

ለምን እስከ ዛሬ አልነገሩንም ብዬ እማሆይን ተቆጣኋቸው፤ በመነኩሲት መቆጣቴን እዚህ ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ። አገሬ በሕይወት ሳለች እንዳትናገሪ ብለው ገዝተውኛል አሉኝ። አገሬ ከሞቱ እኮ ሠላሳ ዓመት አለፋቸው ብላቸው፣ ጠያቂ አልመጣማ አሉ።

በማግስቱ ስመለስ መንገዱን ሁሉ አላየሁትም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኛው ግን እያደር ደፈረሰ። እስቲ አንተ የተማርህ ሰው ፍታልኝ። እማማ አገሬ ፍትሐት አስደርገዋል። ታዲያ ለልጃቸው አልተደረገም እያሉ ለምን ኖሩ? በአእምሮዬ ሳመላልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው የሚመጣልኝ፦ ባላቸው በሕይወት እንዳሉ ኋላ ሰምተዋል። ያን ሲሰሙ በቁሙ ያለን ሰው ማስፈታታቸው ከበዳቸውና እንዳልሆነ አደረጉት፤ የሠፈሩንም አፍ አስያዙ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የት እንዳሉም ያውቁ ነበር ማለት ነው። አንድ ቀን ሄደው ነበር? ወይስ እያወቁ ዝም? ወይስ እኔ ነኝ ያለ ነገሩ የምጠመዝዘው? አባባ ይግዛውስ፣ ያ በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የሚያበሉን ደግ ሰው፣ ያውቁ ነበር? በሌሊት ልብስ ስር ሆኜ አንዱን ጥፋተኛ አደርግና ሳይነጋ ነፃ አወጣዋለሁ። አያታችንን አርበኛ ብዬ ልኩራባቸው ስል ልጃቸውን የተዉ አባት ይሆኑብኛል። ልቀየማቸው ስል ደጃፍ ላይ ቆመው «አንድ» እስኪባሉ የሚጠብቁት ይመጡብኛል። እስር ቤቱ ሰውየውን ፈታ እንጂ መለሰ ማለት ይቻላል ወይ?

ያየህ እንዳትነግሪያት አለኝ። አሮጊት ናት፣ ድንጋዩ ተጽፏል፣ ቄሶቹ ተጠርተዋል፣ ተዝካሩን በልታ ሐዘኗን ታውጣ፣ ምን ይጎድልብሻል አለ። እውነቱን ነው። ጠራቢውንም ጽሑፉ ይቀየራል ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር፤ አንዱን መስመር ለማጥፋት ድንጋዩ በሙሉ በአንድ ጣት ውፍረት መላግ አለበት አለኝ። ድንጋዩ ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ምስጢሩን ሁለት ቀን ቻልሁት። እናታችን ግን በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ስሙን አገኘሽልኝ ወይ ትለኛለች። ወልደ ሰንበት ነው አልኋትና አፌን ያዝሁ። እሷም ወልደ ሰንበት፣ ወልደ ሰንበት እያለች እየደጋገመች አንድ ቀን ሙሉ ዋለች። በስልሳ ስምንት ዓመቷ የአባቷን ስም እንደ ሕፃን ልጅ ስትለማመደው አየሁ። ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጌሾ ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋት። አላለቀሰችም። ቀና ብላም አላየችኝም። የያዘችውን ጌሾ ለቅማ ጨረሰች፣ እንጨቱን ለየች፣ ሰፌዱን አራገፈች። ከዚያ የገዳሟን ስም ጠየቀችኝ። ነገርኋት። እዚያ እኮ ሁለት ሱባኤ፣ ዐሥራ አራት ቀን ሙሉ ተጠምቄአለሁ አለች። መውለድ እምቢ ሲላት በ1950 ዓ.ም. ለጠበል የወሰዷት እዚያ ነው፤ እኔ በዓመቱ የተወለድሁት በዚያ ጠበል ነው። አባቷ ያኔ በሕይወት ነበሩ። ብዙ መነኮሳት ነበሩ፣ ዓይኔን ከጠበሉ አላነሣሁም፣ አንድም ፊት ትዝ አይለኝም አለች።

እማሆይ የነገሩኝ አንድ ነገር ነበር፤ ትርጉሙ ስላልገባኝ ከሌላው ወሬ ጋር አልቀላቀልሁትም። አንድ ዓመት አባ ወልደ ሰንበት ሁለት ሳምንት ያህል በማለዳ ደጃፋቸው ላይ ሳይቆሙ ቀሩ። ታመዋል ብለው ሲጠይቋቸው፣ አልታመምሁም፣ ሰሞኑን ተቆጥሬአለሁ አሉ። የትኛው ዓመት እንደሆነ እማሆይ አያስታውሱትም። እንግዲህ ያቺ ሁለት ሳምንት ይህቺ ትሁን አትሁን እኔ በምን ላውቅ? ለእናታችን ግን ነገርኋት። ደግ አደረግሁ ክፉ፣ እሱንም አላወቅሁም። ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባችና እስኪመሽ አልወጣችም።

በማግስቱ ጠላው አይጠመቅ፣ ለቄሶቹም ንገሪልኝ አለች። ስልሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያለቀስሁት ለማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። እናቴን ልርገማት ላመስግናት፣ አባቴን ልቀየመው ልሳለመው፣ ቁረጪልኝ እስቲ አለች። መቁረጥ አልቻልሁም። እሷም እኔም እንደዚያው ነን። አንዳንዴ ብቻዋን ፈገግ ስትል አገኛታለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ትቆጣለች፤ የምትቆጣው በኔ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሞቷልና። ትናንት ግን አንድ ሐሳብ ቆርጣ ተነሣች። ሞጣ ወስደሽ መቃብሩን ታሳዪኛለሽ አለች። እሺ፣ ሐሙስ እንሂድ አልኋት። የለም፣ መጀመሪያ ለወንድምሽ ጻፊና ይጠይቅልኝ አለች።

የምታስጠይቅህ ይህን ነው። ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ የወይዘሮ ብሪጂት ቅድመ አያት አውስትራሊያ ውስጥ ከግዞት ተፈትተው፣ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ ሌላ ቤት መሥርተው እንደኖሩ፣ የዚያ ቤት የልጅ ልጆችም አምና ፈልገው መጥተው በራቸውን እንዳንኳኩ ጽፈህ ነበር። እኔ አንብቤ ረስቼዋለሁ፤ እሷ ይዛዋለች። እናም ያን ቀን በሩ ተከፍቶ ሲተያዩ መጀመሪያ አፉን የከፈተው ማነው፣ ምን ብሎስ ጀመረ ትላለች። ይቅርታ የሚለው ሞቷል የተባለው ወገን ነው ወይስ ሞቷል ብሎ ያለቀሰው? እዚያ አገር ይህ ነገር ደርሶባቸው አልፎላቸዋልና ወጉን ያውቁታል ብላ ነው። አባቴ ታላቄ ነው፣ ልጅ ቀድሞ መናገር የለበትም፤ እሱ ግን ጥፋት አለበት፣ ጥፋተኛ ካልቀደመ ደግሞ አይሆንም ትላለች። መቃብር አይናገርም ብላት፣ ለዚህ እኮ ነው የምጠይቀው አለችኝ። መልስህ ሳይመጣ አልሄድም ብላለች። ሰኔ ከገባ የግንደ ወይን መንገድ ጭቃ ይሆናል፣ እሷም ክረምቱን ትውጣው አትውጣው አላውቅም። ስለዚህ ዛሬውኑ ወይዘሮ ብሪጂትን ጠይቀህ ጻፍልን። ወጉን አላውቅም ካሉም አላውቅም ብለዋል ብለህ ጻፍ፤ ባዶ ወረቀት እንዳትልክ ብቻ።

ያየህ ሰላም ብሎሃል፤ ድንጋዩን ምን እንደምናደርገው ጻፍልኝ ይላል። አቶ እንዳለው ለአንተ ሙሉ ሰላምታ አቅርበዋል፤ ስለ እንግሊዝ የጻፍኸውን ግን አልተቀበሉም። እማሆይ ወለተ ሐና ያላየሁትን የአጎቴን የልጅ ልጅ ሳሚልኝ ብለዋል። ለሥርጉት እንደ እህቷ ሆኜ እጅ ነሥቻለሁ፤ ምስራቅን ሁለቱን ጉንጯን ሳምልኝ። ወይዘሮ ብሪጂትን በእናታችን ስም ጤና ይስጥልኝ በላቸው። እናታችን ራሷ ግን ሰላምታ አልላክሁም በይው፣ አባቴን ሳናግር ያኔ እልካለሁ ብላለች።

እህትህ ወይንእሸት

ቢቸና፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1996 ዓ.ም.